ውኃውና ሰዉ፦ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የባሕር ሙላት ትንበያና የድንበር ጥበቃ ታሪክ



በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ። አንዱን ቀን ብቻ በእኛም አቆጣጠር እናገረዋለሁ።

ኖቬምበር 12 ቀን 1970፣ በእኛ ኅዳር 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ በሌሊት ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሣ ዐውሎ ነፋስ ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል የነበረችውን የዛሬዋን ባንግላዴሽ መታ። ነፋሱ ባሕሩን እየገፋ በሜግና ወንዝ አፍ ላይ በተበተኑት ዝቅተኛ ደሴቶች ላይ ከመረው። ጨረቃ ልትሞላ የተቃረበችበት ሌሊት ስለ ነበር የባሕሩ የዘወትር ሙላትም ከፍተኛ ነበር፤ ሁለቱ ሙላቶች በአንድ ሰዓት ተገናኙ። ሲነጋ፣ ታዙሙዲን በምትባለው ወረዳ ከነዋሪው ግማሽ የሚቀራረበው በሕይወት አልነበረም። የሟቾቹ ጠቅላላ ቁጥር ከ300,000 እስከ 500,000 ይገመታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ከዚህ ጥፋት የተረፈው ሕዝብ ወዴት ሄደ? ቤቱ ፈርሷል፤ ከብቱ ሰጥሟል፤ ሊሰበሰብ የደረሰው ሩዝ በጨው ውኃ ተበላሽቷል። የሕንድም ድንበር ሩቅ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ዐውሎ ነፋስ በኋላ ድንበር ተሻግሮ የሸሸ ታላቅ ሕዝብ ታሪክ አልመዘገበም። ተራፊው በአብዛኛው ሙታኑን ቀብሮ፣ የተረፈውን ለቃቅሞ፣ እዚያው ወይም በአቅራቢያው ቀረ። አራት ወር ተኩል ሳይሞላ፣ ከማርች 25 ቀን 1971 ሌሊት ጀምሮ፣ የፓኪስታን ጦር በምሥራቁ ሕዝብ ላይ ሲዘምት ግን ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያንኑ ድንበር ተሻግሮ ሕንድ ገባ።

ማዕበሉ ያላሻገረውን ሕዝብ ጠመንጃ አሻገረው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ልዩነት ለመረዳት የሚደረግ ሙከራ ነው። በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ባለፉት መቶ ኀምሳ ዓመታት ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ጎን ለጎን ተሠርተዋል። አንደኛው ባሕሩ መቼና የት እንደሚሞላ አስቀድሞ የማወቅ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሰው ከየት ወዴት እንዳያልፍ የመጠበቅ ሥራ ነው። ሁለቱንም የሠሩት እነዚያው መንግሥታት ናቸው። የእኔ ሙግት እንዲህ የሚል ነው፦ የመጀመሪያው ሥራ ፍሬ የሚሰጠው ሰው መንቀሳቀስ በሚችልበት ስፍራ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሥራ ደግሞ ሰውን እንደ ውኃ መቁጠር ሲጀምር ራሱም ይሳሳታል፤ የመጀመሪያውንም ከንቱ ያደርገዋል።

የታሪክ መምህር እንጂ የሜቲዎሮሎጂ ሊቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን የውኃውን ጠባይ በጥቂቱ ሳልገልጽ ታሪኩን ማስረዳት አልችልም። እኛ የወንዝ ሙላት እናውቃለን፤ አዋሽ ሞላ፣ ባሮ ሞላ እንላለን። ዐውሎ ነፋስ የሚያስነሣው የባሕር ሙላት ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሳይሆን ከባሕር ወደ የብስ የሚወጣ ነው። ምክንያቶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። በዐውሎ ነፋሱ መካከል የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ባሕሩ ጥቂት ያብጣል፤ ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ውኃው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ በብርቱ ዐውሎ ነፋስ እንኳ ከዚህ የሚገኘው ከፍታ ከአንድ ሜትር ብዙ አይርቅም። ታላቁን ሥራ የሚሠራው ነፋሱ ነው። ነፋስ ጥልቅ ባሕር ላይ ሲነፍስ የተገፋው ውኃ በሥር በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ ባሕሩ ጥልቀት ሲያጣ ግን መመለሻ ስለሌለው ይከመራል። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ ጋንጀስ፣ ብራህማፑትራና ሜግና ለዘመናት ባራገፉት ደለል ምክንያት ጥልቀት የለውም፤ ቅርጹም እንደ ማጥለያ እየጠበበ ይሄዳል። ከፊቱ ያለው ምድር ደግሞ ከባሕሩ ወለል እምብዛም ከፍ አይልም።

በዚህ ላይ የሰዓት ጉዳይ ይታከላል። በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚመጣው የዕለት ሙላትና ጉድለት በሜግና አፍ ላይ የብዙ ሜትር ልዩነት አለው። ያው ዐውሎ ነፋስ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢደርስ የሟቹ ቁጥር ሌላ ይሆናል። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ነፋሱ ከሰዓት ዘወርታ በተቃራኒ ስለሚሽከረከር፣ ውኃው የሚገፋው ዐውሎው ከሚጓዝበት መሥመር በስተቀኝ ወዳለው ዳርቻ ነው። መሥመሩ መቶ ኪሎ ሜትር ቢዛነፍ ሟቹ ሌላ ሕዝብ ነው። ስለዚህም ሐቀኛ ትንበያ ሁልጊዜ ሰፊ ቀጠናና የዕድል ስሌት ነው፤ አንድ ቀጭን መሥመር ሊሆን አይችልም። ይህን አስታውሱልኝ፤ ወደ መሥመር ጉዳይ እመለሳለሁና።

የትንበያው ታሪክ የሚጀምረው በቅኝ ገዢዎቹ ወደብ ነው። በካልካታ የባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ የነበረው እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒዲንግተን የመርከበኞችን መዝገብ እየመረመረ የዐውሎ ነፋሶችን ጠባይ አጠና። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን «ሳይክሎን» የሚለውን ቃል በ1848 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። እንግሊዞች ከካልካታ ደቡብ ምሥራቅ በማትላ ወንዝ ዳር አዲስ ወደብ ሊቈረቍሩ ሲነሡ፣ ፒዲንግተን በ1853 ለገዢው ለሎርድ ዳልሁዚ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ያ ስፍራ አንድ ቀን በዐውሎ ነፋስ በሚገፋ የባሕር ሙላት እንደሚጠፋ አስጠነቀቀ። የሰማው አልነበረም። ፖርት ካኒንግ የተባለው ወደብ ተሠራ፤ በ1867 ዐውሎ ነፋስ መታው፤ ብዙም ሳይቆይ ተተወ። በዚህ መካከል በ1864 ካልካታን ራሷን የመታው ዐውሎ ነፋስ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። የሕንድ ሜቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ1875 በሄንሪ ብላንፎርድ መሪነት የተቋቋመው በእነዚህ አደጋዎች ጥላ ሥር ነው። በዓመቱ፣ በ1876፣ በባከርጋንጅ አውራጃ በደረሰው የባሕር ሙላትና ተከትሎት በመጣው ወረርሽኝና ረኀብ 200,000 ያህል ሰው አለቀ።

የዚህ ዘመን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ለማን እንደ ተሠራ ልብ በሉ። በወደብ ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉት ባለ ቁጥር ምልክቶች የተዘጋጁት ለመርከብ አዛዦች ነበር። ምልክቱ ለመርከቡ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይነግራል፤ በደሴት ላይ ጎጆ ቀልሶ ሩዝ ለሚያበቅለው ገበሬ ግን ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። ያ ገበሬ በመሥሪያ ቤቱ ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ይህ ጉድለት አንድ መቶ ዓመት ያህል ኖሮ በ1970 ሌሊት ዋጋውን አስከፈለ።

አሁን ወደ መሥመሩ ልመለስ። በ1947 እንግሊዝ ሕንድን ለቃ ስትወጣ አገሪቱን ለሁለት የመክፈሉ ሥራ ለሕግ ባለሙያው ለሲሪል ራድክሊፍ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጦ አያውቅም ነበር። ጁላይ 8 ደረሰ፤ ሥራውን በአምስት ሳምንት ያህል ጨረሰ፤ የወሰኑ ዝርዝር ይፋ የሆነው ኦገስት 17፣ ሁለቱ አገሮች ነጻ ከወጡ በኋላ ነው። ቤንጋል በመካከሏ ተቆረጠች። በደቡብ ጫፍ፣ ሱንዳርባንስ በሚባለው የማንግሮቭ ደን፣ ወሰኑ በወንዞች መካከል እንዲያልፍ ተደረገ። በካርታ ላይ ወንዝ ጽኑ ነገር ይመስላል። በዴልታ ውስጥ ግን ወንዝ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱን ዳር ይበላል፤ በሌላው ዳር ደለል ይጥላል። ቤንጋሎች ከደለል የሚበቅለውን አዲስ መሬት «ቻር» ይሉታል። መሬት የሌለው ድኃ በቻር ላይ ይሰፍራል፤ ቻሩ ሲፈርስ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። በዚያ አገር ፍልሰት ከድንበሩ ይልቅ በዕድሜ የገፋ የኑሮ ሥርዓት ነው።

በ1970 ቦላ በተባለው ዐውሎ ነፋስ ያለቁት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። አዝመራ የሚሰበሰብበት ወቅት ስለ ነበር ከሌላ አውራጃ ለቀን ሥራ የመጡም ነበሩባቸው። ስለ ዐውሎ ነፋሱ ማንም አያውቅም ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። የመጀመሪያዋ የአየር ጠባይ ሳተላይት በ1960 መጥቃለች፤ በ1970 የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ከሰማይ ይታይ ነበር፤ ሬዲዮም ተናግሯል። ከአደጋው በኋላ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከሕዝቡ 90 ከመቶ ያህሉ ዐውሎ ነፋስ እየመጣ መሆኑን ሰምቶ ነበር፤ ጠንካራ ሕንጻ ፈልጎ የተጠለለው ግን አንድ ከመቶ ብቻ ነበር። ለምን? መጠለያው ስላልነበረ ነው። መልእክቱ ባሕሩ እንደሚወጣ በግልጽ ስላልተናገረ ነው። ከብቱንና እህሉን ትቶ የሚሄድ ገበሬ ተመልሶ የሚያገኘው ነገር እንደማይኖር ስለሚያውቅ ነው። ከሟቾቹ ውስጥ ሕፃናት፣ ሴቶችና ሽማግሎች መብዛታቸውን ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ እስኪነጋ ሙጭጭ ለማለት ጉልበት የነበረው ተረፈ።

ቀጥሎ ድንበሩ መጣ። ሕንድ ከምዕራብ ቤንጋል ሄሊኮፕተሮች፣ አውሮፕላኖችና ጀልባዎች ለመላክ ጠየቀች። የፓኪስታን መንግሥት የጠላቱ ወታደራዊ በራሪዎች ወሰኑን እንዲያልፉ አልፈቀደም። የእርዳታው መዘግየት፣ መዲናው በምዕራብ በሺሕ ኪሎ ሜትሮች ርቀት መሆኑ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው በደል፣ ይህ ሁሉ በዲሴምበሩ ምርጫ ድምፅ ሆኖ ወጣ። የሼክ ሙጂቡር ራህማን አዋሚ ሊግ ከምሥራቅ ፓኪስታን 162 የምርጫ መቀመጫዎች 160ውን አሸነፈ። በዐውሎው በተጎዱት አካባቢዎች ምርጫው ወደ ጃንዋሪ 1971 ተላልፎ ነበር። የጦር መንግሥቱ ሥልጣን አላስረክብም አለ፤ ማርች 25 ጦሩን አዘመተ። ያን ጊዜ ነው 10 ሚሊዮን ያህል ሰው ወሰኑን የተሻገረው። ዲሴምበር 16 ቀን 1971 የፓኪስታን ጦር እጁን ሲሰጥ አዲስ አገር ተወለደች፤ ከስደተኞቹም እጅግ አብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገሩ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምክንያትን ሰንሰለት እንመርምር። ዐውሎ ነፋሱ ስደቱን አመጣ ልንል እንችላለንን? በአንድ አባባል አዎን፤ ያለ ቦላ የ1970ው ቁጣ ያን ያህል ባልከረረ ነበር። ነገር ግን በማዕበሉና በስደቱ መካከል መንግሥት አለ፤ የተከለከለ እርዳታ አለ፤ የተሻረ የምርጫ ውጤት አለ፤ የተተኮሰ ጥይት አለ። ውኃው ሰዎቹን ድኃ አደረጋቸው፤ ስደተኛ ያደረጋቸው የሰው ውሳኔ ነው። የተመለሱትም ውኃው ስለ ጎደለ ሳይሆን ጦሩ ስለ ወጣ ነው።

ከዚህ ጥፋት ሁለት ትምህርቶች ተወሰዱ። የመጀመሪያውን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። አዲሲቱ ባንግላዴሽ ከቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ጋር ሆና በ1972 የዐውሎ ነፋስ ዝግጁነት መርሐ ግብር መሠረተች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሳተላይቱ ያየው ነገር እስከ መጨረሻው ጎጆ በሰው እግር መድረስ አለበት። በየመንደሩ የተመለመሉ በጎ ፈቃደኞች በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ይናገራሉ፤ የአደጋው ደረጃ ሲጨምር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ባንዲራ ይሰቅላሉ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ76,000 በላይ ሲሆን ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። በዓምድ ላይ የቆሙ፣ በደኅናው ቀን ትምህርት ቤት የሚሆኑ የሲሚንቶ መጠለያዎች ተሠሩ። ለከብቱም የአፈር ጉብታ ተቆለለለት፤ ገበሬው ከብቱን ትቶ እንደማይሄድ ከ1970 ታውቋልና። በዚያው በ1972 ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያሉ አገሮች በዓለም ሜቲዎሮሎጂ ድርጅትና በተባበሩት መንግሥታት የእስያ ኮሚሽን ጥላ ሥር የዐውሎ ነፋስ ጉባኤ አቋቋሙ። ኒው ዴልሂ ለመላው ቀጠና ትንበያ የምታወጣ ማዕከል ሆነች። የሕንዱ ሳይንቲስት ፒ. ኬ. ዳስ በ1972 ለባሕረ ሰላጤው የሙላት ትንበያ የሚያገለግል የሒሳብ ሞዴል አሳተመ፤ በዴልሂ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ተመራማሪዎችም ሥራውን አሰፉት።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በኤፕሪል 1991 ቺታጎንግን የመታው ዐውሎ ነፋስ 138,000 ያህል ሰው ገደለ፤ መጠለያው ገና ጥቂት ነበርና። ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናት በመረመራቸው ሰዎች መካከል የሲሚንቶ ወይም የጡብ ሕንጻ ካልደረሱት 22 ከመቶ መሞታቸውን፣ ከደረሱት ግን አንድም አለመሞቱን አሳየ። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ዐውሎ ሲመጣ የሟቹ ቁጥር ወደ 3,400 ወረደ። በሜይ 2020 አምፋን ሲመጣ ባንግላዴሽ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከዳርቻው አንሥታ ነበር፤ በባንግላዴሽ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ለዚህ ለውጥ የሳይንሱ ድርሻ ታላቅ ነው። ነገር ግን ሳይንሱ ያዳነው ሰው ተነሥቶ የሄደ ሰው ነው። የ1991ዱ ጥናት የሚለየው በሕንጻው የደረሰውንና ያልደረሰውን ነው። ትንበያ የሚያድነው በእግር በኩል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የተወሰደው በድንበሩ ላይ ነው። በሕንድ የአሳም ግዛት ስለ ስደተኞች የተነሣው ንቅናቄ በ1985 በስምምነት ተቋጨ። ስምምነቱ ከማርች 25 ቀን 1971 ጀምሮ የገባ ሁሉ ተለይቶ እንዲወጣ ይደነግጋል። ቀኑን ታስታውሱታላችሁ፤ ጦሩ የዘመተበት ቀን ነው። አንድ ቤተሰብ ከጥይት የሸሸበት ሌሊት፣ የልጅ ልጆቹ ዜግነት የሚለካበት ወሰን ሆነ። ተከትሎም 4,096 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ድንበር ላይ የሽቦ አጥር መሠራት ጀመረ፤ ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላዩ ታጥሯል። አሳም በ2019 የመጨረሻውን የዜጎች መዝገብ ስታወጣ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ አመልካቾች ከመዝገቡ ውጭ ቀሩ። ብራህማፑትራ ቻሩን በበላ ቁጥር መንደሩን እየቀየረ የኖረ ገበሬ፣ የአያቱን የመኖሪያ ማስረጃ አምጣ ሲባል የሚገጥመውን ችግር ለመገመት አያዳግትም።

ድንበር ጠባቂው ምንም ሥራ የለውም እያልሁ አይደለም። በዚያ ድንበር የሰው ንግድ አለ፤ ሕገ ወጥ ሸቀጥ አለ፤ ማንኛውም መንግሥት ወደ ግዛቱ የሚገባውን የማወቅ መብት አለው። ይሁን እንጂ በጃንዋሪ 2011 አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አጥሩን ስትሻገር በጥይት ተመትታ አስከሬኗ ለሰዓታት ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ መቆየቱን ስናስታውስ፣ የሚጠበቀው ነገርና የሚከፈለው ዋጋ ይመዛዘናሉን ብለን መጠየቅ ግድ ይለናል።

መሥመርና ደለል የተጋጩበትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከቦላ ዐውሎ ነፋስ በኋላ በሁለቱ አገሮች ወሰን ወንዝ አፍ ላይ አንዲት ትንሽ ደሴት ብቅ አለች። ሕንድ ኒው ሙር አለቻት፤ ባንግላዴሽ ደቡብ ታልፓቲ አለቻት። ከባሕሩ በላይ ያላት ከፍታ ከሁለት ሜትር አይበልጥም፤ ነዋሪም አልነበራትም። ሁለቱም ይገባኛል አሉ፤ በ1981 ሕንድ መርከብ ልካ ባንዲራ ተከለችባት። በ2010 በካልካታ የጃዳቭፑር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደሴቲቱ ሙሉ በሙሉ መስጠሟን አስታወቁ። በ2014 የግልግል ዳኞች የሁለቱን አገሮች የባሕር ወሰን ሲያሰምሩ ዳኝነቱ የተሰጠው በሌለች ደሴት ዙሪያ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ላመስግን፤ ሁለቱም አገሮች ፍርዱን ተቀበሉ። አጥርና መርከብ ያልፈቱትን ነገር ሕግ ፈታው።

አሁን ወደ ዘመናችን ትንበያ እንምጣ። እንግሊዛዊው የአካባቢ ሳይንስ ሊቅ ኖርማን ማየርስ በ1990ዎቹ፣ እስከ 2050 ድረስ 150 ሚሊዮን፣ ኋላም 200 ሚሊዮን የአካባቢ ስደተኞች ሊኖሩ እንደሚችሉ ተነበየ። ዓላማው መንግሥታትን ለማንቃት ነበር። ቁጥሩ ግን በየጸጥታ ጉባኤው ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ ባሕር ከፍ ሲል ቤንጋሎች ድንበር ያጥለቀልቃሉ ተባለ። ቃሉን ልብ በሉ፤ «ማጥለቅለቅ»። እኛም በጋዜጣችን «የስደተኞች ጎርፍ» እንላለን። ቃላት ሐሳብን ይመራሉ። ሰው ጎርፍ ከሆነ አጥር ክተር ነው፤ ክተር ደግሞ ማንንም አይበድልም።

ሁለቱን ትንበያዎች በአንድ ሚዛን እናስቀምጣቸው። የባሕር ሙላት ትንበያ በእያንዳንዱ ዐውሎ ማግስት በውኃ መለኪያ ይፈተናል፤ ሲሳሳት ይታረማል። የማየርስ ዓይነቱ ስሌት ግን የሚጎዳውን መሬት አይቶ የነዋሪውን ቁጥር ይወስዳል፤ ያ ሁሉ ነዋሪም እንደሚሰደድ አድርጎ ይደምራል። በባንግላዴሽ የተደረጉ ጥናቶች ግን ከዳርቻው የሚነሣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ እንደሚቀር፣ ሲርቅም ወደ ዳካ፣ ወደ ኩልና፣ ወደ ቺታጎንግ እንደሚሄድ ያሳያሉ። ብዙው ለወቅት ሥራ ሄዶ ይመለሳል። እጅግ የደኸየው ደግሞ የመጓጓዣ እንኳ ስለሌለው እዚያው ይቀራል። ውኃ ከፍ ካለበት ወደ ዝቅታው ይወርዳል፤ ሰው ዘመዱ ወዳለበት፣ ሥራ ወደሚያገኝበት ይሄዳል። ወደፊት ባሕሩ ይበልጥ ከፍ ሲል ይህ ሊለወጥ እንደሚችል አልክድም። የሚለወጠው ግን በመካከል ያለው መንግሥት በሚወስነው መጠን ነው፤ የ1970ና የ1971 ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

ትንበያ ደርሶ ሰው መንቀሳቀስ ሲያቅተው ምን እንደሚሆን ከምያንማር እንማር። በሜይ 2008 ናርጊስ የተባለው ዐውሎ ወደ ኢራዋዲ ዴልታ ሲያመራ፣ የኒው ዴልሂ ማዕከል ለምያንማር ባለሥልጣናት ከሁለት ቀን ቀድሞ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ድንበሩን ያለ ፓስፖርት ተሻገረ። ከመሥሪያ ቤቱ እስከ መንደሩ ያለውን መንገድ ግን አላለፈም፤ ባንዲራ የሚሰቅል፣ በየጎጆው የሚጮኽ አልነበረም። ወደ 138,000 ሰው ሞተ ወይም ጠፋ። ከዚያም የጦር መንግሥቱ ለውጭ እርዳታ ሠራተኞች ቪዛ ለሳምንታት አጓተተ። የፓኪስታን የ1970 ስሕተት በሌላ ስም ተደገመ።

ከኦገስት 2017 ጀምሮ ደግሞ ከ700,000 በላይ የሮሂንግያ ሕዝብ ከምያንማር ጦር ሸሽቶ ወደ ባንግላዴሽ ገባ። እነርሱንም ያሻገራቸው ዐውሎ አልነበረም። የሰፈሩት በኮክስ ባዛር ኮረብታዎች፣ በቀርከሃና በሸራ መጠለያ፣ ዐውሎ ነፋስ በሚያዘወትረው ዳርቻ ነው። በካምፑ ውስጥ የሮሂንግያ በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ ነገር ግን ሦስተኛው ባንዲራ ሲሰቀል ስደተኛው ከካምፑ ወጥቶ የሚሄድበት ነጻነት የለውም። በሜይ 2023 ሞካ የተባለው ዐውሎ በሲትዌ አቅራቢያ ሲያርፍ፣ በምያንማር ቀርተው ለዓመታት በተዘጋ ካምፕ ውስጥ የኖሩት ሮሂንግያዎች ከሟቾቹ መካከል በርካቶቹ ነበሩ። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ባንግላዴሽ ከ30,000 በላይ ስደተኞችን ባሳን ቻር ወደምትባል የደለል ደሴት አዛውራለች። ደሴቲቱ ከባሕር ብቅ ካለች ሃያ ዓመት ያህሏ ነው፤ ያለችውም በሜግና አፍ፣ ቦላ በመታው ውኃ ውስጥ ነው። መንግሥት ክተርና ጽኑ መጠለያ ሠርቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ያም ሆኖ ስደተኛው እንደ ወደደ ሊወጣባት አይችልም። ዓለምን ያስደነቀው የባንግላዴሽ ሥርዓት፣ «ሰው ተነሥቶ ይሂድ» የሚለው ሥርዓት፣ እዚህ ደሴት ላይ ራሱን ይቃረናል።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ያገባናል የሚል ተማሪ ይኖራል። የባሕር ዳርቻ የለንም። ልጆቻችን ግን በባሕር ላይ አሉ። ከጅቡቲዋ ኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረው ወጣት በብዛት ኢትዮጵያዊ ነው። በዓረብ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ለሚነሣ ዐውሎ ነፋስ ትንበያ የምታወጣው ደግሞ ያችው ኒው ዴልሂ ናት። በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ዐውሎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ሰንጥቆ ሶማሌላንድን ሲመታ፣ ጅቡቲንም ሲያጥለቀልቅ፣ ማስጠንቀቂያው ከዚያ ወጥቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ለማን ይደርሳል? ወደብ ለወደብ ይነጋገራል፤ መርከብ ይጠነቀቃል። ለደላላው ገንዘብ ከፍሎ በዳርቻው የሚጠብቅ ወጣት ግን የመነሻውን ሌሊት አይመርጥም። ድንበር ጠባቂው በበረታ ቁጥር ደላላው የሚመርጠው ሌሊት ጨለማና ሰው የማይንቀሳቀስበት ነው፤ ብዙ ጊዜም ባሕሩ የከፋበት ሌሊት ማለት ነው። ፒዲንግተን ለመርከቦች የሠራው ትንበያ የደሴቱን ገበሬ እንዳልቆጠረው፣ የእኛም ዘመን ትንበያ በጀልባ ሥር የተኛውን ልጅ አይቆጥረውም።

ከእናንተ መካከል ስለ ፍልሰት የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ አላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። «ድርቅ አሰደደ»፣ «ጎርፍ አሰደደ» ከማለታችሁ በፊት፣ በድርቁና በስደቱ መካከል ማን ምን እንደ ወሰነ ጠይቁ። ማን እርዳታ ከለከለ፣ ማን መንገድ ዘጋ፣ ማን መሬት ቀማ፣ ማንስ ሳይሰማ ቀረ ብላችሁ መዝገብ ገልጡ። የውኃውን ከፍታ የሚለኩ ሊቃውንት አሉ፤ ሥራቸውም ተመስግኖ የማያልቅ ነው። በውኃውና በሰዉ መካከል የቆመውን መለካት ግን የእኛ የታሪክ ሰዎች ድርሻ ነው።